ከአርባ ምንጭ ሐሩር ወደ ጨንቻ ውርጭ፦ ለጀማሪዎች የሚስማማ የበጋ ተራራ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

በጥር ወር እኩለ ቀን ላይ አርባ ምንጭ ሲቀላ ውስጥ ጥላ ፍለጋ የቆመ ተማሪ ቀና ብሎ በስተሰሜን የተገተረውን የጋሞ ተራራ ቢመለከት፣ በዚያው ዕለት ሌሊት እዚያ ላይ ሣሩ ውርጭ ሊለብስ እንደሚችል ለማመን ይቸገራል። ከተማዋ ከባህር ጠለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህን የሚያክል የከፍታ ለውጥ በእንዲህ ያለ አጭር ርቀት ማግኘት ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ትልቅ ዕድል ሲሆን፣ ሳይዘጋጅ ለሚወጣ ሰው ግን ፈተና ነው።

እኛም ከዓመታት በፊት ጥቂት ተማሪዎችን ይዘን ወደዚያ ወጥተን ነበር። ምሳ በልተን ተነሣን፤ አብዛኞቻችን ቲሸርትና ጂንስ ለብሰናል፤ ድንኳኖቹ የተዋስናቸው ነበሩ። ማደሪያ ስንመርጥ ከነፋስ እንከለል ብለን ከወንዝ ዳር ያለውን ለጥ ያለ መስክ መረጥን። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አንድም የተኛ ሰው አልነበረም። ጎሕ ሲቀድ የድንኳኑ ውጫዊ ጨርቅ ነጭ ለብሶ፣ ሲነኩት እንደ ብራና ይንኳኳ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን አንድ ተማሪ ከምሽቱ ጀምሮ ራሱን እያመመው ይንቀጠቀጥ የነበረ መሆኑ ነው። እኛም "ከፍታው ነው፣ ብርዱም ነው" እያልን ሻይ እናቀርብለት ነበር። በማግስቱ ወርደን ደሙ ሲመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ታክሞ ዳነ፤ ጥፋቱ ግን የአቃጆቹ፣ ማለትም የእኛ ነበር። በዚያ ሌሊት የሠራናቸው ስሕተቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሳይንሳዊ ምክንያት ስላላቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጋ ለመውጣት ላሰቡ አንባቢያን እነዚያን ምክንያቶች ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

"በጋ" የሚለው ቃል ሲያሳስት

በአገራችን ክረምት የዝናብ ወቅት፣ በጋ ደግሞ የፀሐይ ወቅት ነው። በመሆኑም ብዙዎቻችን ብርድን ከክረምት ጋር ሙቀትን ከበጋ ጋር እናያይዛለን። ይሁን እንጂ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ብቻ ከለካን የደጋው እውነተኛ ብርድ የሚመጣው በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። ለመሆኑ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

መሬት ቀን የተቀበለችውን የፀሐይ ሙቀት ሌሊት በዓይን በማይታይ ጨረር አማካይነት ወደ ጠፈር ትመልሳለች። በክረምት ሰማዩን የሸፈነው ደመናና አየሩን የሞላው የውሃ ተን ይህን ጨረር ተቀብለው ከፊሉን ወደ መሬት ይመልሱታል፤ ሰማዩ ጋቢ ደርቧል ማለት ይቻላል። በበጋ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩም ደረቅ ነው። በተለይ ከፍ ባለ ቦታ ከራሳችን በላይ ያለው አየርና የውሃ ተን አነስተኛ በመሆኑ ሙቀቱ ያለ ከልካይ ይወጣል። ከዋክብቱ እጅግ ደምቀው በሚታዩበት ሌሊት ብርዱ የሚበረታውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በዚህ ላይ ከፍታው ራሱ የሚያስከትለው ቅዝቃዜ አለ። የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀንሳል። ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ ያለውን 1,400 ሜትር ያህል ልዩነት ይዘን ብናሰላ 9 ዲግሪ ገደማ፣ ከ3,500 ሜትር በላይ እስከሚደርሰው የጉጌ ተራራ ድረስ ብናሰላ ደግሞ ከ14 ዲግሪ ያላነሰ ልዩነት እናገኛለን። ስሌቱን ለማያምን ሰው ሌላ ማስረጃ አለን፤ እርሱም የጨንቻ ፖም ነው። የፖም ዛፍ በተፈጥሮው በዓመት ውስጥ የተወሰነ የቅዝቃዜ ጊዜ ካላገኘ በቅጡ ለማበብ የሚቸገር ተክል ነው። ታች በሙዝና በማንጎ የታወቀው ምድር ላይ ፖም ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ሌሊት ከቤት ወጥቶ ቢቆም ያገኘዋል።

እንዲህ ከሆነ ለምን በክረምት አንሄድም? መልሱ አጭር ነው። ክረምት ላይ ጭቃው፣ ጉሙና ወንዙ ለጀማሪ አይመቹም፤ ዝናብ የጠገበ ተዳፋትም አይታመንም። በሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በአጎራባቹ ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ሕይወት መቅጠፉን የምናስታውሰው ነው። በጋሞ ደጋ ደግሞ የበልጉ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ ይበረታል። ስለዚህ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ ተመራጭ ነው፤ የሌሊቱን ብርድ ግን ዋጋው አድርጎ መቀበል ያስፈልጋል።

እንደ ውሃ ቁልቁል የሚፈስ ብርድ

ወደ ድንኳናችን እንመለስ። ወንዝ ዳር ያለው ለጥ ያለ መስክ ስሕተት የሆነው ስለምንድን ነው? ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይልቅ ክብደት አለው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከተዳፋቱ ጋር የተነካካው አየር ቀዝቅዞ ልክ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስና በረባዳው ቦታ ይተኛል። በዚህም የተነሣ በጸጥተኛ ሌሊት የሸለቆው ወለል ከጎኑ ካለው ተዳፋት በብዙ ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይቀዘቅዛል የሚለው ሕግ ለጥቂት ሰዓታት ይገለበጣል። ጠዋት ውርጭ የሚታየውም በአብዛኛው በረባዳው ነው። ነፋሱን የሸሸ ሰው ብርዱ ወደሚጠራቀምበት ጉድጓድ ገባ ማለት ነው።

እንግዲህ ድንኳን የሚተክል ሰው ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ ከጉብታው ጫፍም ዝቅ ብሎ፣ በተዳፋቱ ወገብ ላይ ቢያድር ይመረጣል። ይሁን እንጂ ለመጀመሪያው ጉዞ ድንኳኑን ጨርሶ መተው ይሻላል የሚል አስተያየት አለን። ዶርዜ ላይ በአገሬው ቤት ማደር ይቻላል፤ ያ ቤት ደግሞ ራሱን የቻለ የፊዚክስ ትምህርት ነው። ከቀርከሃ ተጠልፎ የእንሰት ቅጠል የሚለብሰው ይህ ቤት ሲሠራ 12 ሜትር ያህል ሊረዝም ይችላል፤ እግሩን ምስጥ እየበላው ሲሄድ ግን ከዓመት ዓመት ያጥራል። ግድግዳውና ክዳኑ በውስጣቸው ብዙ አየር የያዙ በመሆናቸው ሙቀት አያሳልፉም፤ በመካከል ምድጃው፣ በአንድ በኩልም ከብቶቹ ሙቀት ይሰጣሉ። ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፤ ለዚህ መፍትሔ አላገኘንለትም።

አየሩ ሲሳሳ

በከፍታ ላይ ኦክስጂን ይቀንሳል ሲባል ብዙ ተማሪ የኦክስጂን ድርሻ የሚቀንስ ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። ድርሻው አርባ ምንጭም ጉጌም ላይ 21 በመቶ ያህል ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። በባህር ጠለል ላይ ያለውን ግፊት 100 ብንለው አርባ ምንጭ ላይ 86 ያህል፣ ጨንቻ ላይ 72 ያህል፣ 3,500 ሜትር ላይ ደግሞ 65 ያህል ይሆናል። አንድ ጊዜ በተነፈስን ቁጥር ወደ ሳንባችን የሚገባው ኦክስጂንም በዚያው መጠን ያንሳል። ሰውነት ለዚህ የሚሰጠው የመጀመሪያ ምላሽ ቶሎ ቶሎ መተንፈስና የልብ ምትን መጨመር ነው፤ ይህም በዳገት ላይ የሚሰማን ማለክለክ ነው፤ በሽታ አይደለም። የቀረው መለማመድ ግን ቀናትን ይፈልጋል።

ጊዜ ካልተሰጠው የከፍታ ሕመም ሊከተል ይችላል። ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ የሚከሰት ሲሆን፣ ምልክቶቹም ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ናቸው። በደረሱበት ቅጽበት ሳይሆን ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ሊጀምር መቻሉ ብዙዎችን ያዘናጋል። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ከ1,900 እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባሉ መዝናኛዎች ከመጡ እንግዶች መካከል 25 በመቶ ያህሉ የዚህ ሕመም ምልክት እንደታየባቸው አመልክቷል። አብዛኛው ቀላል ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። በሳንባ ወይም በአንጎል ውስጥ ፈሳሽ እንዲጠራቀም የሚያደርገው ከባዱ ዓይነት ግን ገዳይ ነው። ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ ማጠር፣ እንደ ሰከረ ሰው መንገዳገድ ወይም መቀባጠር ከታየ ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ማውረድ እንጂ ንጋትን መጠበቅ አይገባም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ማስገንዘብ እንወዳለን። አንደኛው፣ ስፖርተኛ መሆን ከዚህ ሕመም አያድንም፤ እንዲያውም ጎበዝ ሯጭ ቶሎ ስለሚወጣ ይበልጥ ሊጋለጥ ይችላል። ሁለተኛው፣ ሻንጣችንን ተሸክሞ እያፏጨ የሚቀድመን የደጋው ወጣት ለእኛ መለኪያ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የነዋሪዎቹ የሄሞግሎቢን መጠንና የደማቸው የኦክስጂን ሙሌት በባህር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳይተዋል። ይህ በአንዲስና በቲቤት ሕዝቦች ላይ ከታየው የተለየ በመሆኑ የዓለምን ትኩረት ስቧል። እንዲህ ያለው መላመድ የትውልዶች ሥራ ነው፤ ትናንት ከሐይቅ ዳር የተነሣ ሰው በአንድ ሌሊት አይወርሰውም።

ራስ ምታቱ የከፍታ ነው ወይስ የወባ?

ይህን ጥያቄ በኔፓል ወይም በአልፕስ የተጻፉ የተራራ ጉዞ መጻሕፍት አያነሱትም፤ ለአርባ ምንጭ ሰው ግን ዋነኛው ጥያቄ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ታችኛው ምድር ወባማ ነው፤ ሥርጭቱም ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ማለትም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ከፍ ይላል፤ ይህም ከጉዟችን ወቅት ጋር ይገጥማል። ትንኟ ከነደፈች በኋላ ሕመሙ እስኪጀምር ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያልፋል። ስለዚህ አንድ ተማሪ ጤነኛ ሆኖ ተነሥቶ፣ ወባ በሌለበት ብርዳማ ተራራ ላይ በወባ ሊታመም ይችላል። ራስ ምታቱ፣ ማቅለሽለሹና ድካሙ ከከፍታ ሕመም ጋር አንድ ዓይነት ነው። መንቀጥቀጡም በብርድ ይመካኛል።

መለያው ትኩሳት ነው። ቀላል የከፍታ ሕመም እንደ ወባ ከፍተኛ ትኩሳት አያመጣም። በመሆኑም ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አንድ ቴርሞሜትር ከብዙ ውድ ዕቃ ይበልጣል። ከ38 ዲግሪ በላይ ያስነበበ ሰው ጉዞው እዚያ ላይ አበቃ፤ በአቅራቢያው ጨንቻ ላይ ሆስፒታል አለ፤ የደም ምርመራ ይደረግለት። ትኩሳት ባይኖርም ራሱን የሚያመው ሰው እስኪሻለው ድረስ ከፍ አይልም። ከባሰበት ይወርዳል። የራስ ምታት ክኒን ሰጥቶ ማስቀጠል ምልክቱን መደበቅ ነው።

ጋቢ መቼ፣ ሹራብ መቼ?

ዶርዜ የሸማኔዎች አገር ነው፤ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሚሸጠው ጥበብና ጋቢ የብዙው ምንጭ የእነዚሁ ሰዎች እጅ ነው። ጋቢ የሚያሞቀው ጥጡ በራሱ ሙቀት ስላለው ሳይሆን በድርብርቡ መካከል የቆመ አየር ስለሚይዝ ነው። ደረቅ ሆኖ፣ ምድጃ ዳር ለተቀመጠ ሰው ተወዳዳሪ የለውም። ይሁን እንጂ ጥጥ ውሃ ይጠጣል፤ በአየሩ ቦታ ውሃ ሲገባበት ውሃ ከአየር 25 ጊዜ ያህል የበለጠ ሙቀት ስለሚያስተላልፍ ልብሱ ከማሞቅ ይልቅ ያቀዘቅዛል። ዳገት ሲወጡ በላብ የራሰ ጂንስና ቲሸርት ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሠሩት ሥራ ይህንኑ ነው። የሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ አደጋ ነው፤ ለዚህም በረዶ መኖር የለበትም፤ እርጥብ ልብስና ነፋስ ይበቃሉ። መንቀጥቀጥ፣ ቀጥሎ የእጅ አለመታዘዝና የንግግር መጎተት ምልክቶቹ ናቸው።

ስለዚህ ለመራመጃ ከሥር ቀጭን የሱፍ ወይም የናይለን ልብስ፣ በላዩ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስና ዝናብ የማያሳልፍ ጃኬት ይለበሳል። ይህ ሁሉ ከልባሽ ጨርቅ ገበያ በተማሪ ኪስ ይገኛል። ለሌሊት የሚሆን ደረቅ ካልሲና ሹራብ በፌስታል ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ቀን ምንም ቢበርድ አይነካ። ጋቢው ለማታ ነው። ባርኔጣና የፀሐይ መነጽር ደግሞ የቅንጦት ዕቃ እንዳይመስለን፤ ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ቀዝቃዛው ነፋስ ደግሞ መቃጠላችን እንዳይታወቀን ያደርጋል። የተንቀሳቃሽ ስልክ ባትሪም በብርድ ቶሎ ስለሚደክም ሌሊት ከሰውነት ጋር ይታቀፍ።

ስንቁን በተመለከተ ጨንቻ ላይ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ረጅም ጊዜ ይወስዳሉ። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይህን ችግር አያውቁትም። የመጠጥ ውሃ ግን በ91 ዲግሪም ቢሆን ለ3 ደቂቃ ከፈላ ንጹሕ ይሆናል። ብርድ ጥምን ስለሚያስረሳ ሳይጠሙም መጠጣት ይገባል፤ ሽንት ከጠቆረ ውሃ አንሷል ማለት ነው።

አራት ቀን፣ አንድ የመመለሻ ሰዓት

ከላይ ከተነገረው በመነሣት የምናቀርበው ዕቅድ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከአርባ ምንጭ በመኪና ተነሥቶ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ዶርዜ መዋልና ማደር፤ ያን ቀን ከመንደር ውስጥ ሽርሽር ያለፈ ጉዞ አያስፈልግም። በሁለተኛው ቀን በእንሰቱና በቀርከሃው መካከል በእግር ወደ ጨንቻ መጓዝ፤ መንገዱ ከ10 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በሦስተኛው ቀን ዕቃን ጨንቻ ትቶ 3,000 ሜትርን ወደሚሻገረው ሸንተረር መውጣትና ለማደር ወደ ጨንቻ መመለስ። በአራተኛው ቀን መውረድ። ልብ እንበል፤ ቀን ከፍ ብንልም የምንተኛበት ከፍታ ከ2,500 ወደ 2,700 ብቻ ነው ያደገው። ከ3,000 ሜትር በላይ ለሚያድር ሰው የሚመከረው የመኝታን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ነው። ጉጌን ለሁለተኛ ጉዞ ብንተወው አይሸሽም።

የሦስተኛው ቀን ጉዞ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ዊልያም ናይስሚዝ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀላል ቀመር እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ዳገት ተጨማሪ አንድ ሰዓት። ደርሶ መልሱ 10 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ 400 ሜትር ቢሆን 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይመጣል። ናይስሚዝ ግን ያሰላው ለጠንካራ ሰውና ለስኮትላንድ ከፍታ ነው። ለጀማሪና ለሳሳ አየር ግማሹን ጨምረን 4 ሰዓት እንበለው፤ ለዕረፍትም 2 ሰዓት። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተነሣ ቡድን 8 ሰዓት ላይ ይመለሳል። በጥር ጀንበር የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን ከዚያ በኋላ ያለው ወገግታ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። የተረፈው ጊዜ ለወለምታ፣ ለጉምና መንገድ ለመሳት የተቀመጠ መጠባበቂያ ነው። ስለሆነም ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን፣ ጫፉ በመቶ ሜትር ላይ ቢታይም ፊትን ማዞር። ይህን ሰዓት ጨንቻ ሳለን፣ ጫፉን ከማየታችን በፊት መወሰን አለብን፤ ላይ ከወጡ በኋላ የሚደረግ ምርጫ በጉጉት ይሸነፋል።

መንገድ መሪ ከአካባቢው ሰው መያዝ የግድ ነው። የሚያልፉበት መሬት ሁሉ ባለቤት ያለው እርሻ ወይም የጋራ ግጦሽ ነው። በተለይ ትልልቅ ዛፎች ያሉበት ለምለም መስክ ሲያጋጥም ለድንኳን እንዴት ይመቻል ብሎ ዘሎ መግባት አይገባም፤ ዱቡሻ ይሆናል። ዱቡሻ የጋሞ አባቶች ሸንጎ የሚቀመጡበት፣ ዕርቅ የሚያወርዱበት የተከበረ ሥፍራ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው የተቆጡ ወጣቶችን ከጥፋት የመለሱትን የጋሞ አባቶች አገር ሁሉ ያስታውሳቸዋል፤ ያ ሥርዓት የተወለደው በእንዲህ ያሉ ሥፍራዎች ነው። ሽማግሌ ሲያጋጥም ቆሞ ሰላምታ መስጠትና ማለፊያውን መጠየቅ መንገድ ከማሳጠሩም በላይ፣ ሌሊቱ ምን ያህል እንደሚበርድ ከማንኛውም መሣሪያ ቀድሞ ያስታውቃል።

ከመነሣት በፊት የመጨረሻው ሥራ ወረቀት ላይ የሚሠራ ነው። የተጓዦቹ ስም፣ የየሌሊቱ ማደሪያ፣ የመንገድ መሪው ስልክ፣ የመመለሻው ቀንና ሰዓት ተጽፎ አርባ ምንጭ ለሚቀር አንድ ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ይሰጥ። በአራተኛው ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ ካልተደወለለት ለማን እንደሚደውል በዚያው ወረቀት ግርጌ ይጻፍለት።